ወንዝ የለካው፣ ባሕር የለቀቀው

ከሰሜን ባሕር ተነስቶ አውሮፓን በውሃ አቋርጦ ጥቁር ባሕር ለመድረስ የሚያስብ መርከብ ወርዱ ከ11 ሜትር ተኩል እምብዛም ማለፍ አይችልም። የሚያግደው ሎክ ነው። ሎክ በወንዝ ወይም በቦይ ላይ የተሠራ፣ ፊቱና ኋላው በከባድ የብረት በር የሚዘጋ የኮንክሪት ክፍል ነው። መርከቡ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ውሃው ይሞላል ወይም ይጎድላል፤ መርከቡም ሊፍት ውስጥ እንደቆመ ሰው ወደሚቀጥለው ከፍታ ይወጣል፣ አሊያም ይወርዳል። ራይንን ከዳኑብ በሚያገናኘው መስመር ላይ ያሉት ሎኮች የውስጥ ወርዳቸው 12 ሜትር ነው። ርዝመትም ገደብ አለው፤ ለመንገደኛ መርከብ የተለመደው ጣሪያ 135 ሜትር ነው።

የቅንጦት የወንዝ ሽርሽር የሚባለው ንግድ አብዛኛው በዚህች ጠባብ ልክ ውስጥ ያደገ ነው። የክፍሉ ስፋት፣ የመተላለፊያው ቦታ፣ የመንገደኛው ቁጥር፣ ዋጋው ጭምር ከእርሷ ይመነጫል። በሌላው ጫፍ ደግሞ በጃንዋሪ 2024 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከማያሚ የመጀመሪያ ጉዞውን የጀመረው አይከን ኦቭ ዘ ሲስ የተባለው የባሕር መርከብ አለ። ርዝመቱ 365 ሜትር፣ ፎቁ 20 ነው፤ ጢም ብሎ ሲሞላ 7,600 ያህል መንገደኛ ይይዛል፣ ከ2,300 በላይ ሠራተኛ ሳይቆጠር። ሁለቱም ክሩዝ ይባላሉ፤ የጉዞ ወኪሎችም ጎን ለጎን ያቀርቧቸዋል። ስለዚህ ለብር ኢዮቤልዩው ወይም ወላጆቹን ለማስደሰት ገንዘብ ያጠራቀመ ሰው «የቱ ይሻላል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። «የትኛው ይበልጥ ቅንጡ ነው?» ከተባለ መልሱ አያረካም፤ ቅንጦት በሁለቱም በኩል ይሸጣል። ውሃው መርከቡን ምን እንዲሆን እንዳስገደደው ያወቀ ሰው ግን የሚሻለውን ራሱ ለይቶ ያወጣል።

የወንዙን መንገድ ለመክፈት ከሺህ ዓመት በላይ ፈጅቷል። የፍራንኮች ንጉሥ ሻርልማኝ በ793 ራይንንና ዳኑብን ለማገናኘት ቦይ አስቆፍሮ ነበር፤ ቅሪቱ ዛሬም ባቫሪያ ውስጥ ይታያል። የባቫሪያው ንጉሥ ቀዳማዊ ሉድቪግ ያስገነባው ሌላ ቦይ በ1846 ተጠናቀቀ፤ ነገር ግን ጠባብ ስለነበር የባቡር ሐዲድ መጥቶ ገበያውን ወሰደበት። ዛሬ መርከቦች የሚያልፉበት የራይን-ማይን-ዳኑብ ቦይ ያለቀው በሴፕቴምበር 1992 ነው። ከባምበርግ እስከ ኬልሃይም 171 ኪሎ ሜትር ይዘልቃል፤ 16 ሎኮች አሉት፤ ከፍተኛው ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 406 ሜትር ነው። መርከቡ ደረጃ በደረጃ ተራራ ይወጣና በሌላው በኩል ይወርዳል። ከአምስተርዳም እስከ ቡዳፔስት የሚደረገው የሁለት ሳምንት ጉዞ የተቻለው በዚህ ቦይ ምክንያት ነው።

በ12 ሜትር ሎክ በሚያልፍ መርከብ ላይ ሰው የሚመኘውን ክፍል ማስገባት ቀላል አይደለም። የቀድሞዎቹ መርከቦች መተላለፊያቸው መሐል ለመሐል ስለሚያልፍ ግራና ቀኙ እኩል ጠባብ ነበር። በ1997 አራት የሩሲያ የወንዝ መርከቦችን ይዞ የተነሳው የቫይኪንግ ኩባንያ፣ በ2012 ባስተዋወቃቸው ሎንግሺፕ በተባሉ መርከቦቹ ላይ መተላለፊያውን ከመሐል አንስቶ ወደ ጎን ገፋው። ያቺ ትንሽ ፈቀቅታ በአንደኛው ጎን ሰው ወጥቶ ወንበር ላይ የሚቀመጥበት በረንዳ ያላቸውን ሰፋፊ ክፍሎች አስገኘች፤ ሌላኛው ጎን አነስተኞቹን ያዘ። የመርከቡም ፊት ሹል መሆኑ ቀርቶ አራት ማዕዘን ሆነ፤ እዚያ ላይ ክፍት መመገቢያ ተሠራ። በዚህ ሁሉ ብልሃት የተገኘው 95 ክፍል፣ 190 መንገደኛ ነው። ሌሎች ኩባንያዎች በራሳቸው መንገድ ሞክረዋል። አማዋተርዌይስ በ2019 ያወጣው አማማግና 22 ሜትር ገደማ ወርድ አለው፤ ለዚህም የከፈለው ዋጋ ከዳኑብ ወጥቶ በቦዩ በኩል ወደ ራይን መሻገር አለመቻሉ ነው።

ክፍል ሲመርጡ እዚህ ላይ ልብ ይበሉ። በብሮሹር ላይ «የፈረንሳይ በረንዳ» የሚባለው መቆሚያ የለውም፤ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ ተንሸራታች የመስታወት በርና ከፊቱ የብረት መከለያ ብቻ ነው። የታችኛው ፎቅ ክፍሎች ርካሽ የሆኑት ደግሞ መስኮታቸው ከውሃው ወለል ትንሽ ከፍ ብሎ ከጣሪያው ሥር ስለሚገኝና ስለማይከፈት ነው። ቀኑን ሙሉ ውጭ ለሚውል ሰው ይህ ምንም አይደለም፤ እንዲያውም ብልህ ቁጠባ ይመስለኛል። ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ዳርቻውን ማየት ለሚፈልግ ግን አይሆንም። ሌላም ነገር አለ። በተጨናነቁ ከተሞች መርከቦቹ ጎን ለጎን ይታሰራሉ። ጠዋት መጋረጃ ሲገልጡ የሌላ መርከብ እንግዳ ፊት ለፊት ሊያገኙ ይችላሉ፤ ወደ ምድር ለመውረድም የጎረቤቱን መርከብ አቋርጠው ያልፋሉ።

ቁመትም እንዲሁ የተለካ ነው። ድልድዮቹ ዝቅ ያሉ ስለሆኑ መርከቡ ከሦስት ፎቅ ብዙም አያልፍም። ካፒቴኑ የሚቆምበት ክፍል በሃይድሮሊክ ወደ ታች የሚሰምጥ ሆኖ ተሠርቷል። ወደ ዝቅተኛ ድልድይ ሲቃረቡ የላይኛው ደርብ የጥላ ሸራና አጥር ይታጠፋል፤ መንገደኛው ወደ ውስጥ እንዲገባ ይደረጋል። በማይን ወንዝና በቦዩ ላይ የላይኛው ደርብ ለቀናት ሊዘጋ ይችላል። ፀሐይ እየሞቀ መጽሐፍ ሊያነብ የከፈለ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ደግ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የውሃው መጠን ነው፤ ሻጮቹ በለሆሳስ የሚያልፉትም ይህንኑ ነው። በራይን ላይ ካውብ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እዚያ የተተከለው የውሃ መለኪያ የሚያሳየው ቁጥር የመላውን መስመር የመርከብ እንቅስቃሴ ይወስናል። በኦክቶበር 2018 ያ መለኪያ 25 ሳንቲ ሜትር አነበበ። ይህ ማለት ወንዙ እስከ ቁርጭምጭሚት ደረሰ ማለት አይደለም፤ መርከብ የሚያልፍበት የወንዙ መስመር ከመለኪያው ዜሮ በታች አንድ ሜትር ያህል ተጨማሪ ጥልቀት አለው። ቢሆንም ለተጫነ መርከብ አደገኛ ነበር። በ2022 በጋም እንደገና ውሃው ቀነሰ፤ በኦገስት ወር ሰርቢያ ውስጥ ፕራሆቮ አጠገብ፣ በ1944 የሰመጡ የጀርመን የጦር መርከቦች ከዳኑብ ውሃ በላይ ብቅ አሉ። የዚህ ተቃራኒም ችግር ነው። በጁን 2013 ፓሳው ላይ ውሃው 12.89 ሜትር ደረሰ፤ ከተማዋ ከ1501 ወዲህ ያላየችው ከፍታ ነበር። ውሃው ሲጎድል መርከቡ መሬት ይነካል፤ ሲሞላ ድልድዩ ሥር አያልፍም።

ታዲያ እንዲህ ሲሆን መንገደኛው ምን ይሆናል? ትልልቆቹ ኩባንያዎች ተመሳሳይ መርከቦችን በሁለቱም አቅጣጫ ስለሚያመላልሱ፣ ከተዘጋው ቦታ ወዲያና ወዲህ ያሉት መርከቦች መንገደኞቻቸውን በአውቶቡስ ይለዋወጣሉ። ክፍሎቹ አንድ ዓይነት ስለሆኑ እንግዳው በአዲሱ መርከብ ላይ የራሱኑ የሚመስል ክፍል ያገኛል። አንዲት መርከብ ብቻ ያለው ኩባንያ ይህን ማድረግ አይችልም። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ወኪሉን «ወንዙ ቢዘጋ ምን ታደርጋላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። መርከቡ እንደ ሆቴል ቆሞ ጉብኝቱ በአውቶቡስ ሊሆንም ይችላል፤ ውሉ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ይፈቅድላቸዋል። ድርቁ የሚበረታው ከበጋው ማብቂያ እስከ መጸው ባሉት ወራት ሲሆን፣ በጸደይ ደግሞ የአልፕስ በረዶ ቀልጦና ዝናብ ተጨምሮበት ወንዙ ሊሞላ ይችላል።

ይህን ሁሉ ችግር ታግሶ ሰው ለምን በወንዝ ይሄዳል? ምድር ስለሚቀርብ ነው። በባሕር ጉዞ ዝርዝር ላይ «ሮም» ተብሎ ከተጻፈ መርከቡ የሚቆመው ሲቪታቬኪያ ነው፤ ከዚያ ሮም ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። «ፓሪስ» የተባለው ለ አቭር ወደብ ሲሆን ደርሶ መልሱ ቀኑን ይበላዋል። ቬኒስ ላይም ከኦገስት 2021 ጀምሮ ከ25,000 ቶን በላይ የሆኑ መርከቦች በቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ፊት ለፊት እንዳያልፉ ተከልክሏል። የወንዝ መርከብ ግን ቡዳፔስት ላይ በሰንሰለት ድልድዩ አካባቢ ይታሰራል፤ ኮሎኝ ላይ ካቴድራሉ ከደርቡ ይታያል። ቪዬና ላይ ከወደቡ አጠገብ የምድር ውስጥ ባቡር ተሳፍሮ በጥቂት ፌርማታ የቅዱስ እስጢፋኖስ ካቴድራል መድረስ ይቻላል። በመሐልም ዳርቻው ራሱ ትዕይንት ነው። ከቢንገን እስከ ኮብለንዝ ያለው 65 ኪሎ ሜትር ገደማ የራይን ሸለቆ በ2002 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በጥንታዊ ግንቦቹና በወይን ተክል በተሸፈኑ ገደሎቹ ነው። እዚህ ላይ የራሴ ምክር አለኝ፤ ወንዙን ሽቅብ የሚወጣውን ጉዞ ይምረጡ። መርከቡ ከውሃው ኃይል ጋር እየታገለ በዝግታ ስለሚሄድ ለማየት ጊዜ ይሰጣል።

ባሕሩ ሌላ ነገር ይሰጣል። ከሁሉም በፊት ምድር የማይታይባቸው ቀናት አሉ፤ ለአንዳንዱ ሰው ዕረፍት ማለት ይህ ነው። በወንዝ ጉዞ ላይ በየጠዋቱ አዲስ ከተማ፣ በየጠዋቱ አዲስ አስጎብኚ አለ፤ ሳይታወቅ ያደክማል። በባሕር ላይ ግን ማንም ተነሱ የማይልበት ቀን ይገኛል። ከዚያም ወንዝ ፈጽሞ የማይደርስባቸው ቦታዎች አሉ፤ የኖርዌይ ፍዮርዶች፣ የአላስካ የበረዶ ግግሮች፣ አንታርክቲካ። በእነዚህም ቦታዎች የመርከቡ መጠን ዋጋ አለው። አላስካ ውስጥ ወደ ግሌሸር ቤይ በቀን ከሁለት በላይ ትልልቅ የሽርሽር መርከቦች አይገቡም። አንታርክቲካ ላይ በአንድ ጊዜ ከ100 በላይ ሰው ከአንድ መርከብ አይወርድም፤ ከ500 በላይ መንገደኛ የጫነ መርከብም ጭራሽ ሰው ማውረድ አይፈቀድለትም። በግዙፍ መርከብ ወደዚያ የሄደ ሰው አህጉሩን የሚያየው ከመስኮት ነው።

የባሕር ቅንጦት የሚለካው በቦታ ነው። የመርከብ ሰዎች የመርከቡን ቶን በመንገደኞቹ ቁጥር ያካፍላሉ፤ ቶን ሲሉ ክብደቱን ሳይሆን በውስጡ ያለውን የተዘጋ ቦታ ይዘት ማለታቸው ነው። አይከን ኦቭ ዘ ሲስ 248,663 ቶን ነው፤ በክፍል ሁለት ሰው ሲታሰብ 5,610 መንገደኛ አለው፤ ለአንድ ሰው 44 ገደማ ይደርሳል። የሪጀንት ኩባንያው ሰቨን ሲስ ኤክስፕሎረር 55 ሺህ ቶን ገደማ ሆኖ የሚይዘው 750 ሰው ያህል ብቻ ነው፤ ለአንድ ሰው ከ70 በላይ ነው። ሠራተኛውም ወደ 550 ይጠጋል፤ ለሦስት እንግዶች ሁለት ሠራተኛ ይደርሳል። 190 ሰው የሚይዘው የወንዝ መርከብ ግን 50 ገደማ ሠራተኛ ነው ያለው። በዓለም ላይ የተመሰገነ መስተንግዶ፣ ሰፊ የመታጠቢያ ክፍል፣ ከአንድ በላይ ምግብ ቤት የሚፈልግ ሰው በትንሹ የባሕር መርከብ ላይ ያገኘዋል፤ ከወንዙ መርከብ ይህን መጠበቅ የለበትም። ወንዝ ላይ ገናና የሆነው ቫይኪንግ ራሱ በ2015 ወደ ባሕር ሲወጣ 930 ሰው የሚይዝ መርከብ ይዞ መውጣቱ ገበያው የት እንዳለ ያሳያል።

ማዕበልን ብዙ ሰው ከሚገባው በላይ ይፈራዋል። ዘመናዊ የባሕር መርከብ ከውሃው በታች ከጎንና ጎኑ የሚዘረጉ ክንፍ መሰል ማረጋጊያዎች አሉት፤ መንገዳገዱን በእጅጉ ይቀንሳሉ። ቢሆንም ጨርሰው አያጠፉትም፤ የሚያቅለሸልሸው ሰው ከመርከቡ መሐል፣ ከታችኞቹ ፎቆች ክፍል ይምረጥ። ወንዝ ላይ ማዕበል የለም ማለት ይቻላል። እዚያ እንቅልፍ የሚነሳው ሌሊት ሎክ ውስጥ ሲገባ የሚሰማው የሞተር ንዝረትና ግድግዳውን የሚነካ የመርከብ ጎን ነው።

አሁን ወላጆቻቸውን ለመሸለም ለሚያስቡት አንድ ከባድ ነገር ልናገር። «ለእማማና ለአባባ ወንዙ ይሻላል፣ ጸጥ ያለ ነው» የሚለው ምክር በየቦታው ይሰማል። ጉልበታቸው ደህና ለሆነ ልክ ነው። መሄድ ለሚከብዳቸው ግን እኔ ባሕሩን እመርጣለሁ። የወንዝ መርከብ ሊፍት ቢኖረውም ሁሉም ፎቅ ላይ ላይደርስ ይችላል። የመውረጃው ድልድይ እንደ ውሃው ከፍታ ዳገት ሊሆን ይችላል፤ ከዚያም የድንጋይ ንጣፍ ያለበት የጥንት ከተማ ይጠብቃል። አውሮፓ ውስጥ አብዛኛው የወንዝ መርከብ ሐኪም የለውም፤ ሆስፒታል ያለበት ከተማ ቅርብ ነው ተብሎ ይታሰባል። ትልቁ የባሕር መርከብ ሰፋፊ ሊፍቶች፣ ለተሽከርካሪ ወንበር የተዘጋጁ ክፍሎች፣ ሐኪምና ነርስ ያሉበት ክሊኒክ አለው። እናታቸው የስኳር ወይም የልብ ሕመምተኛ የሆኑ ሰው ይህን ልዩነት ከወይን ጠጁ ዓይነት በፊት ይመርምሩ። ልጆች ካሉም እንዲሁ ባሕሩ ነው። ቫይኪንግ ከ18 ዓመት በታች የሆነ መንገደኛ አይቀበልም፤ በሌሎቹም ቢሆን የወንዝ መርከብ ለሕፃን የሚሆን ስፍራ እምብዛም የለውም።

ዋጋ ሲያነጻጽሩ ደግሞ የመጀመሪያው ቁጥር ያታልላል። የወንዙ ከፍ ያለ ይመስላል፤ ነገር ግን በአብዛኛው በየከተማው አንድ ጉብኝት፣ ከምግብ ጋር ወይንና ቢራ፣ ኢንተርኔትም በውስጡ አለ። ትልቁ የባሕር መርከብ ዝቅ ባለ ዋጋ ይጠራል፤ ከዚያ መጠጥ፣ ኢንተርኔት፣ ጉብኝት፣ ልዩ ምግብ ቤትና በየቀኑ በሰው የሚታሰብ ጉርሻ ይደመራል። እንደ ሪጀንት ያሉ የቅንጦት የባሕር ኩባንያዎች ጉብኝቱንም መጠጡንም ጉርሻውንም ጠቅልለው ያስከፍላሉ። ስለዚህ የሚነጻጸረው የመጨረሻው ሒሳብ ነው። ብቻውን የሚጓዝ ሰው ለሁለት ሰው ክፍል ተጨማሪ እንደሚጠየቅ፣ አንዳንዴም እጥፍ እንደሚሆን ይወቅ።

በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለሚጓዝ ሰው ደግሞ ካርታው የቪዛ ካርታም ነው። ከአምስተርዳም ባዝል የሚደረገው የራይን ጉዞ በኔዘርላንድስ፣ በጀርመን፣ በፈረንሳይና በስዊዘርላንድ ያልፋል፤ ሁሉም በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የሸንገን አገሮች ናቸው። ከፓሳው ቡዳፔስት ያለውም እንዲሁ። ወደ ቤልግሬድ ከቀጠለ ግን ከሸንገን ወጥቶ ይመለሳል፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ ያስፈልጋል። የሜዲትራንያን ጉዞም ቱርክን ወይም ቱኒዚያን ከጨመረ ጣጣው ያው ነው። በአሜሪካ ግሪን ካርድ ያላችሁ፣ ካርዱ ወደ ሸንገን አገሮች እንደማያስገባ አትርሱ። በካሪቢያንም እያንዳንዱ ደሴት የራሱ ሕግ አለው። መርከቡ የሚጠይቀውን ቪዛ ያላሟላ መንገደኛ ከወደቡ ይመለሳል፤ ገንዘቡም አይመለስለትም።

ጾመኛም ሆነ ሃላል የሚበላ ሰው ቦታ ሲይዝ አስቀድሞ ያስታውቅ። ትልቁ የባሕር መርከብ ብዙ ወጥ ቤት ስላለው ከእንስሳት ተዋጽኦ የራቀ ምግብ በየዕለቱ ይገኝበታል። የወንዙ ወጥ ቤት አንድ ነው፤ ሆኖም የሰዉ ቁጥር ትንሽ በመሆኑ ቀድሞ ከተነገረው እንግዳውን በስሙ ያውቀዋል።

ለአማርኛ አንባቢ ከራይንም ከዳኑብም በፊት የምመክረው ወንዝ ግን አንድ ነው፤ ዓባይ፣ ከሉክሶር እስከ አስዋን። እንግሊዛዊው የጉዞ ወኪል ቶማስ ኩክ የራሱን የመጀመሪያ ቱሪስቶች በእንፋሎት መርከብ ወደ ላይኛው ግብጽ የወሰደው በ1869 ነበር፤ የዛሬው የወንዝ ሽርሽር ንግድ አንዱ ሥሩ እዚያ ነው። መርከቡን ተሸክሞት ከሚሄደው ውሃ አብዛኛው፣ ከመቶ ሰማንያ አምስት ገደማው፣ በጥቁር ዓባይ፣ በተከዜና በባሮ በኩል ከኢትዮጵያ ደጋ የወረደ ነው። በኤድፉ ሆረስ የተባለውን፣ በኮም ኦምቦ ሶቤክ የተባለውን የጥንት ግብጻውያን አምላክ ቤተ መቅደስ ያያሉ፤ ሁለቱም ከማረፊያው ሩቅ አይደሉም። የአስዋን ታላቅ ግድብ በ1970 ከተጠናቀቀ ወዲህ የወንዙ መጠን በሰው እጅ ስለሚመጠን እንደ ራይን ድርቅና ጎርፍ ጉዞውን አያናጋውም። ግድቡ ግን የአቡ ሲምቤልን ቤተ መቅደሶች ሊያሰጥም ነበር፤ ከ1964 እስከ 1968 ድረስ ድንጋዮቹ እየተቆረጡ ወደ ከፍታ ተዛውረው ዳኑ። የእኛን ክረምት ጎርፍና ደለል ለሺህ ዓመታት ሲቀበል የኖረውን ማሳ ከመርከቡ ደርብ ላይ ሆኖ ማየት ለሌላው ጎብኚ ውብ ገጽታ ነው። ከጎጃም ወይም ከጎንደር ለመጣ ሰው ግን የአገሩ አፈር የት እንደደረሰ ማየት ነው፤ ይህን በየትኛውም የባሕር መርከብ ላይ ማግኘት አይቻልም።

በዓባይ ላይ ምርጫው ሁለት ነው። ትልልቆቹ የሆቴል መርከቦች የመዋኛ ገንዳና ሰፊ አዳራሽ አላቸው፤ ጉዞውንም በሦስት ወይም በአራት ሌሊት ይጨርሳሉ። ዳሃቢያ የሚባሉት ባለ ሸራ ጀልባዎች ጥቂት ክፍል ብቻ ስላላቸው ትልልቆቹ በማይቆሙበት ደሴትና መንደር ዳር ያድራሉ፤ ቀናቸው ይረዝማል፣ ዋጋቸውም ከፍ ይላል። አቅም ካለ ዳሃቢያውን እመርጣለሁ። ወሩ ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል ባለው ውስጥ ይሁን፤ በጁላይና በኦገስት የአስዋን ሙቀት በቀን ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ በቤተ መቅደሶቹም ግቢ ጥላ ጥቂት ነው።